አሮጌ የጭነት መኪና በብርድ ጧት ሲነሣ ስለሚያሰማው ጠቅታ

መግቢያ

ጊች በሰሜን ተራሮች ላይ ያለ፥ ከፍታው ከባሕር ወለል 3600 ሜትር ያህል የኾነ፥ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት አገር ነው። በዚያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረው እስኪሰፍሩ ድረስ ገብሳቸውን ወደ ገበያ የሚያወርዱት በበቅሎና በአህያ ነበር። በቅሎ ጭኖ የሚያድር ሰው ኹሉ አንድ ነገር ያውቃል። በቅሎ በውርጭ ስታድር ጧት እግሯ ተሳስሮ ታነክሳለች። ዐዋቂ የኾነ ጫኝ ይኽን አይቶ ወዲያው አይደነግጥም፤ ወዲያውም አይጭናትም። ጥቂት መርቶ ይመለከታታል። እየኼደች ሰውነቷ ሲሞቅ ከተፍታታች ነገሩ የብርድ ነውና ይጭናታል። እየኼደች ከባሰባት ግን ሕመሙ የአጥንት ወይም የሰኰና መኾኑን ዐውቆ ጭነቱን ያስቀራል፤ ቍልቍለቱንም አያስጀምራትም።

ዛሬ በደባርቅና በዳባት ከባዱን ጭነት የሚሸከመው መኪና ነው። መኪናም ባረጀ ጊዜ እንደ በቅሎዋ በብርድ ጧት ያነክሳል። ሞተሩ ሲነሣ ከወደ ላይ ወይም ከወደ ጐን «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይኽ ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ምንም ጕዳት የሌለው ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የሞተር ጥፋት መጀመሪያ ነው። ኹለቱን ለይቶ የማያውቅ ሰው በኹለት መንገድ ይጐዳል። ወይ ደኅናውን ሞተር አስፈትቶ ገንዘቡን በከንቱ ያፈሳል፥ ወይም የታመመውን ሞተር አስነሥቶ የሊማሊሞን ቍልቍለት ይጀምራል።

ስለዚህ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይኽ ነው። ስለ ሞተር ድምፅ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ያህል ይጮኻል?» ተብሎ አይደለም፤ «ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋልን ወይስ ይብሳል?» ተብሎ ነው።

1ኛ ክፍል፤ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ

የናፍጣን ሞተር በመጀመሪያ አሠርቶ ያሳየ ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል የጀርመን መሐንዲስ ነው። ይኽም የኾነው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ዓ.ም. ነው። ሽማግሌዎች «ትሬንታ ኳትሮ» እያሉ የሚያስታውሱት የኢጣልያ ወረራ ዘመን ፊያት፥ ከእርሱም በኋላ ብዙ ዘመን አገራችንን ያገለገለው ነጂዎች «ኤንትሬ» የሚሉት ፊያት 682፥ ዛሬም በየመንገዱ የሚታየው የአይሱዙ ጭነት መኪና፥ ኹሉም በዚህ መሐንዲስ ሥርዐት የሚሠሩ ናቸው። መካኒኮቻችን ሞቶሪኖ፥ ቴስታታ፥ ማርሚታ፥ ካቻቢቴ እያሉ የሚጠሯቸው ስሞች ከኢጣልያ ቋንቋ የተወረሱ ናቸው።

በሞተር ውስጥ ሲሊንደር የሚባሉ ክብ ጕድጓዶች አሉ። በእያንዳንዱም ውስጥ ፒስቶን የሚባል ብረት ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ፒስቶኑን ቢየላ የሚባለው ክንድ ከታች ካለው ጠማማ ዘንግ ጋራ ያያይዘዋል፤ ይኽንንም ዘንግ መካኒኮች ኮሎ ይሉታል። ፒስቶኑ ሲመላለስ ኮሎው ይዞራል፤ የኮሎው መዞርም ወደ ጎማ ይደርሳል።

የፒስቶኑ ሥራ አራት ነው። መዠመሪያ አየር ይስባል፤ ኹለተኛ አየሩን ይጨምቃል፤ ሦስተኛ የተረጨው ናፍጣ ሲቃጠል ተገፍቶ ይወርዳል፤ አራተኛ ጢሱን ያስወጣል። አራቱ ሥራ የሚፈጸመው ኮሎው ኹለት ጊዜ ሲዞር ነው። አየሩ የሚገባበትንና ጢሱ የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚከፍቱና የሚዘጉ ቫልቭ የሚባሉ መዝጊያዎች በሞተሩ ራስ፥ ይኸውም በቴስታታው ላይ ይገኛሉ። እያንዳንዱ ቫልቭ በኹለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈታል።

ከዚህ ላይ ሒሳብ ያወቀ ተማሪ አንድ ጥቅም ያገኛል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር በደቂቃ 600 ጊዜ ይዞራል እንበል። ያን ጊዜ አንድ ቫልቭ በደቂቃ 300 ጊዜ ይከፈታል፤ ይኸውም በሰከንድ 5 ጊዜ ነው። ከኮሎው ጋራ እኵል የሚዞር ነገር ግን በሰከንድ 10 ጊዜ ይዞራል። እንግዲህ የጠቅታውን ፍጥነት ያስተዋለ ጆሮ ድምፁ ከየትኛው ወገን እንደ ኾነ መጠርጠር ይችላል። የዜማ መምህር ብዙ ተማሪ በአንድነት ሲያዜም የሳተውን አንዱን ለይቶ እንደሚሰማ፥ የለመደ ጆሮም በብዙ ድምፅ መካከል አንዱን ይለያል።

2ኛ ክፍል፤ ብርድ በሞተር ላይ የሚያደርገው ሦስት ነገር

ፊተኛው፥ ብርድ ዘይትን ያወፍራል። ይኽን በትምህርት ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። በኹለት ትንንሽ ብርጭቆ እኵል ማር ጨምሩ። አንዱን ሌሊት በውጭ አሳድሩ፤ ኹለተኛውን ከምድጃ አጠገብ አኑሩ። ጧት ኹለቱን በአንድ ጊዜ አዘንብሉና የትኛው ቶሎ እንደሚፈስ ቍጠሩ። የሞተር ዘይትም እንዲሁ ነው። በዘይት ቆርቆሮ ላይ 15 ደብልዩ 40 ተብሎ ሲጻፍ የፊተኛው ቍጥር በብርድ ያለውን ውፍረት፥ የኋለኛው ቍጥር በሙቀት ያለውን ውፍረት ያመለክታል። የፊተኛው ቍጥር ሲያንስ ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈሳል። 40 ወይም 50 ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ዘይት ለቈላ ሙቀት ቢስማማም በደጋ ውርጭ ከባድ ይኾናል።

ኹለተኛው፥ ብርድ ብረትን ያሳጥራል፤ ሙቀትም ያስረዝማል። አንድ ሜትር የሚኾን ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። አሉሚኒየም የሚባለው ቀላል ማዕድን ደግሞ ከዚህ እጥፍ ያህል ይረዝማል። ይኽ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በሞተር ውስጥ ያለው ክፍተት ራሱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለ ኾነ ትንሹ ለውጥ ትልቅ ነው።

ሦስተኛው፥ ብርድ የናፍጣውን ማቃጠል ያዘገያል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የምትጭር ካንዴላ የለውም። አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ እጅግ ይግላል፤ ናፍጣው በዚያ በጋለ አየር ላይ ሲረጭ ይቃጠላል። ሞተሩ በብርድ ካደረ ግን አየሩ በቶሎ አይግልም። በዚህ ላይ ደባርቅ 2850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች የአየሯ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አየር ከ100 እጅ 70 እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የሚጨመቀው አየር ጥቂት ነው። ናፍጣው ከተረጨ በኋላ ሳይቃጠል ጥቂት ይቈይና ኋላ በአንድ ጊዜ ሲነድ ይመታል። ነጭ ጢስ የሚታየውና ሞተሩ የሚንኳኳው ስለዚህ ነው።

3ኛ ክፍል፤ የድምፁ ምክንያቶች

ሀ. ዘግይቶ የሚደርስ ዘይት። ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ከላይ እየተንጠባጠበ ወርዶ ከታች ባለው ገንዳ ይከማቻል። ጧት የዘይቱ ፓምፕ ዘይቱን መልሶ ወደ ላይ እስኪያደርሰው ድረስ የቫልቮቹ ዕቃ ያለ በቂ ዘይት ይመታል። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ከላይ ከብዙ ቦታ ይሰማል፤ በጥቂት ሰከንድም ይጠፋል። ይኽ የሚያስፈራ አይደለም። ነገር ግን ከቀን ወደ ቀን የሚቈይበት ጊዜ ከረዘመ ዘይቱ ጐድሏል፥ ወይም አርጅቷል፥ ወይም ለደጋው ከባድ ነው፥ ወይም የዘይቱ ማጣሪያ ዘይት እንዳይመለስ የሚይዝበት በሩ ተበላሽቷል። ይኽን ማስተካከል ከኹሉ ይልቅ ጥቂት ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ኾነ ምንጊዜም የሚጀመረው ከዚህ ነው።

ለ. የሰፋ የቫልቭ ክፍተት። በቫልቩ ጫፍና ቫልቩን በሚገፋው ብረት መካከል ዐውቀው የሚተዉት ትንሽ ክፍተት አለ፤ ብረቱ ሲሞቅ የሚረዝምበት ቦታ ያስፈልገዋልና። ልኩ እንደ መኪናው ዐይነት ይለያያል፤ በብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች ከሦስት እስከ አራት የደብተር ወረቀት ቢደራረብ ከሚኾነው ውፍረት ብዙ አይርቅም። እየሠራ ሲኖር ብረቱ ይበላና ክፍተቱ ይሰፋል፤ በየጊዜውም ጠቅ ይላል። ድምፁ ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ አንዱ ቫልቭ ብቻ ከኾነ ባሰብነው ሒሳብ በሰከንድ 5 ጊዜ ይሰማል። ሲሞቅ ይቀንስ ይኾናል እንጂ ፈጽሞ ላይጠፋ ይችላል። መካኒኩ በስስ የብረት መለኪያ ለክቶ፥ የመኪናው መጽሐፍ በብርድ ወይም በሙቀት እንደሚያዝዘው፥ ዳዶውን አላልቶ ያስተካክለዋል።

በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድምፁን ብቻ ለማጥፋት ሲል ክፍተቱን ከልኩ በታች ያጠበዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ ዝም ይላል፥ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ቫልቩ በሙቀት ሲረዝም ፈጽሞ ሊዘጋ አይችልም፤ እሳቱም በስንጥቁ እያለፈ ቫልቩን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ጥቂት ጠቅ የሚል ቫልቭ ከልክ በላይ ጠቦ ዝም ካለው ይሻላል። የሞተር ዝምታ ብቻውን የጤና ምልክት አይደለም።

ሐ. የሚያፈስ የጢስ መውጫ። ጢሱ ከቴስታታው ወደ ማርሚታው በሚሻገርበት መጋጠሚያ ላይ ጓርኒሲዮን የሚባል መድፈኛ አለ። ይኽ ከተቃጠለ ወይም መጋጠሚያውን የያዘው ብሎን ከተሰበረ፥ ጢሱ ባጠበበው ቀዳዳ ሲወጣ «ጭፍ ጭፍ» ይላል፤ ከሩቅ ለሚሰማው ግን የቫልቭ ጠቅታ ይመስላል። ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ረዝሞና ሰፍቶ ቀዳዳውን ይዘጋዋል፤ ድምፁም ይጠፋል። ምልክቱ በመጋጠሚያው ላይ የሚታይ ጥቁር ጥላሸት ነው። ሞተሩ ገና በብርድ ሳለ መኪናው ጭነት ሲጐትት ድምፁ ይጐላል። ጢሱ ወደ ነጂው ቤት ከገባ መርዝ ነውና ይኽን ቸል ማለት አይገባም፤ ነገር ግን የሞተሩን ልብ የሚነካ አይደለም።

መ. በጕድጓዱ ውስጥ የሚወዛወዝ ፒስቶን። አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ በብርድ ስለሚኰማተር አሮጌ ፒስቶን ጧት በሲሊንደሩ ውስጥ ይላላል፤ ግድግዳውንም ይመታል። ድምፁ ከቫልቩ ይልቅ ወፍራምና የታፈነ ነው፤ «ደቅ ደቅ» ይላል። ሞተሩ ሲሞቅ ፒስቶኑ ሰፍቶ ቦታውን ስለሚሞላ ድምፁ በጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። የእርጅና ምልክት ነው፤ የዘይት መብላትና ሰማያዊ ጢስ ካልተጨመረበት ግን ብዙ ዘመን ሊሠራ ይችላል።

ሠ. የናፍጣው የራሱ መንኳኳት። ይኽ በኹለተኛው ክፍል የተናገርነው ነው። ከሞተሩ ኹሉ ይሰማል፤ ነጭ ጢስ አብሮት ይኾናል፤ ሲሞቅ ኹለቱም በአንድነት ይቀንሳሉ። አንዱ ሲሊንደር ብቻ ለይቶ ከተንኳኳና ሲሞቅም ካልተወ፥ ናፍጣውን የሚረጨው አፍንጫ ተበላሽቶ ይኾናልና መካኒክ ይየው።

ረ. የተበላ የቢየላ ኩሽኔታ። ቢየላው ኮሎውን የሚይዝበት ቦታ ላይ ለስላሳ ማዕድን የተለበጠ መያዣ አለ። በርሱና በኮሎው መካከል የዘይት ሽፋን ይገባል። መያዣው ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፥ ዘይቱም በዚያ ያመልጣል። ጧት ዘይቱ ወፍራም ሳለ ክፍተቱን ይሞላዋልና ድምፁ ትንሽ ሊኾን ይችላል። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ይወፍራል፥ ይጐላል፤ ከታች ከወደ ዘይቱ ገንዳ «ድም ድም» እያለ ይሰማል። ነጂው ናፍጣ ሲሰጠው ይጠነክራል፤ የዘይቱም ግፊት መለኪያ ይወርዳል። ከተዘረዘሩት ኹሉ ሲሞቅ የሚብሰው ይኽ ነው። ይኽን የሰማ ሰው ሞተሩን ወዲያው ያጥፋ፤ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይንዳ።

4ኛ ክፍል፤ የምርመራ ሥርዐት

ድምፅን የሚመረምር ሰው እንደሚከተለው በተራ ያድርግ።

አንደኛ፥ መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ ካደረ በኋላ ሞተሩ ሳይነሣ ዘይቱን ይለካ። መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ይጥረግ፥ መልሶ ያስገባ፥ እንደ ገና አውጥቶ ይመልከት። ዘይቱ ከኹለቱ ምልክት መካከል ሊኾን ይገባል።

ኹለተኛ፥ ሞተሩን ሲያስነሣ ሰዓት ይመልከት። የዘይቱ ግፊት መብራት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። 10 ሰከንድ ቈይቶ ካልጠፋ ሞተሩን ያጥፋና ምክንያቱን ይፈልግ።

ሦስተኛ፥ ድምፁ በስንት ሰከንድ ወይም በስንት ደቂቃ እንደ ጠፋ ይጻፍ። ካልጠፋም አለመጥፋቱን ይጻፍ።

አራተኛ፥ ድምፁ የሚመጣበትን ቦታ ይፈልግ። ለዚህም ደረቅ የዕንጨት ዘንግ ይበቃል። አንዱን ጫፍ በሞተሩ ላይ፥ ኹለተኛውን ጫፍ ከጆሮው አጠገብ ባለው አጥንት ላይ አድርጎ ይስማ፤ ዕንጨት ድምፅን ከአየር ይልቅ አጥርቶ ያደርሳልና። ይኽንም በክፍላችሁ ለመሞከር አንዱ ተማሪ ጆሮውን በረዥም ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ያኑር፥ ኹለተኛው በሌላው ጫፍ በጥፍሩ ይጫር። በሞተሩ ላይ ከላይ በቴስታታው ክዳን የጐላ ድምፅ የቫልቭ ነው፤ ከጐን በጢስ መጋጠሚያው የጐላ የጢስ መውጫ ነው፤ ከታች በገንዳው የጐላ የኮሎና የቢየላ ነው።

አምስተኛ፥ ሞተሩ ሞቆ ውሃው ሥራውን ከጀመረ በኋላ እንደ ገና ይስማ፤ የጧቱንና የሙቀቱን ድምፅ ያስተያይ።

ስድስተኛ፥ ይኽን ኹሉ በሦስት ጧት ደጋግሞ በመዝገብ ይጻፍ። አጻጻፉም እንዲህ ይኹን። «ጥር 5 ቀን፤ ሌሊቱ ውርጭ ነበር፤ ዘይቱ በልኩ ነው፤ በ1 ሰዓት ተነሣ፤ ጠቅታው ከላይ ነው፤ በ40 ሰከንድ ጠፋ።» እኔ በጽሕፈት ሥራ የምኖር ሰው ስለ ኾንኹ መዝገብን አመሰግናለኹ ብላችሁ አትሣቁብኝ። ጆሮ ይለምዳል፤ የለመደውንም አይሰማም። ወረቀት ግን የትናንቱን 40 ሰከንድና የዛሬውን 3 ደቂቃ ጐን ለጐን አድርጎ ያሳያል።

5ኛ ክፍል፤ ኹለት ታሪክ

ይኽን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሡኝ ያየኋቸው ኹለት ነገሮች ናቸው።

በዳባት አንድ ነጋዴ የገዛው አሮጌ መኪና በየጧቱ ጠቅ ይል ነበር። ሲሞቅ ይተዋል። ሰውዬው ፈርቶ ወደ አንድ መካኒክ ወሰደው። መካኒኩም የሞቀውን ሞተር ሰምቶ፥ ድምፁ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚጠፋ ሳይጠይቅ፥ ቴስታታውን አወረደ። ቫልቮቹን ለወጠ፥ ገንዘብም ተቀበለ። በማግስቱ ጧት ሞተሩ እንደ ገና ጠቅ አለ። ኋላ አንድ ሌላ ሰው በፋኖስ ቢመለከት በጢስ መውጫው መጋጠሚያ ላይ አንድ ብሎን ተሰብሮ፥ ዙሪያው በጥላሸት ጠቍሮ ተገኘ። ነጋዴው ለአንድ ብሎንና ለአንድ ጓርኒሲዮን የሚበቃውን ሳይኾን የአንድ ዓመት ትርፉን ከፍሎ ነበር።

ኹለተኛው በደባርቅ የኾነ ነው። በታኅሣሥ ወር በአንድ ጧት ለመንግሥት ሥራ ወደ አዲ አርቃይ ለመውረድ ገብስና ባቄላ በጫነ አሮጌ ኤንትሬ ላይ ቦታ አግኝቼ ነበር። ባለ መኪናው ራሱ ነጂ ነው፤ ዕድሜው የገፋ፥ ቤተ ሰቡ በሙሉ በዚያ መኪና የሚያድር ሰው ነበር። መኪናው በየጧቱ ጠቅ ማለቱን የሰፈሩ ሰው ኹሉ ያውቃል። ረዳቱ ሞተሩን አስነሥቶ ሻይ ሊጠጣ ኼደ። ሻዪን ጨርሶ ተመለሰ። ነጂው ግን መሪውን ሳይዝ ከሞተሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ጥቂት ቈይቶም ሞተሩን አጠፋ።

ረዳቱም፦ «ኧረ አያ፥ ይኽ እኮ የወትሮው ነው! ጭነቱ ዛሬ ካልደረሰ ገበያው ያልፈናል» አለው።

ነጂውም፦ «የወትሮውማ አንተ ሻይህን ሳትጨርስ ይጠፋ ነበር፤ ይኽኛው ግን ጠበቀህ» አለው።

ከዚያም መካኒክ አስጠራ። መካኒኩ ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ቢያፈሰው በጨርቁ ላይ የሚያብለጨልጭ የማዕድን ቅንጣት ቀረ። ገንዳው ሲወርድ አንዱ የቢየላ መያዣ ልባሱ ተልጦ ተገኘ። የድሮው የቫልቭ ጠቅታ አሁንም ነበረ፤ ነገር ግን በእርሱ ውስጥ ሌላ ድምፅ ተሸሽጎ ነበር። ሰው ኹሉ ለኹለቱ አንድ ስም ሰጥቶ «የወትሮው» ይለው ነበር።

ጭነቱ ወደ ሌላ መኪና ተዛወረ። ነጂው ለመያዣው ዋጋና ለሠራተኛው ኹለት በሬ ሸጠ፤ ዘጠኝ ቀንም ያለ ሥራ ዋለ። አንዳንድ ሰው ፈሪ ብሎ ዐማው። ነገር ግን ኮሎው አልተጐዳም ነበርና ሞተሩ ዳነ። ቢወርድስ ኖሮ? ከደባርቅ እስከ ዛሪማ ሊማሊሞ ከ1000 ሜትር በላይ የሚያሽቈለቍል፥ ከኢጣልያ ወረራ ዘመን ጀምሮ ገደሉን እየዞረ የሚወርድ መንገድ ነው። በዚያ ቍልቍለት ከባድ መኪና የሚያዘው በፍሬን ብቻ ሳይኾን በሞተሩም ነው፤ ነጂው በትንሹ ማርሽ አድርጎ ሞተሩ እንዲይዝለት ያደርጋል። የአየር ፍሬኑንም አየር የሚሞላለት ሞተሩ ነው። ሞተሩ በመካከል ቢሰበር ነጂው ኹለት ረዳቱን በአንድ ጊዜ ያጣል። በዚያ ጧት በመኪናው ላይ ልንወጣ የተዘጋጀን ሰዎች አምስት ነበርን።

6ኛ ክፍል፤ ማስጠንቀቂያ

ሞተር በሚሠራበት ጊዜ ነጠላ፥ ጋቢ ወይም የሚንጠለጠል ልብስ ለብሶ መቅረብ አይገባም፤ ቺንጋውና ማራገቢያው ይስቡታልና።

በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መቈየት ይገድላል። የጢሱ መርዝ ሽታ የለውም፥ ዐይንም አያየውም።

የናፍጣውን ቀጭን ቧንቧ ሞተሩ እየሠራ አትንኩ። ከዚያ በኀይል የሚወጣ ናፍጣ ቈዳን ቀድዶ ወደ ሥጋ ይገባል፤ ቍስሉ በላይ ትንሽ ቢመስልም በውስጥ ከባድ ነውና ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መኼድ ያስፈልጋል።

ዘይቱን ለማሞቅ ከገንዳው በታች እሳት ማንደድ በአንዳንድ ነጂዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ይኽ መኪናውን ከነጭነቱ ሊያቃጥል ስለሚችል መተው ይገባል። የሚሻለው ለደጋው የሚስማማ ዘይት መጨመር ነው።

ሞተሩ እንደ ተነሣ ወዲያው ናፍጣ አብዝቶ ማስጮኽ አይገባም። ዘይቱ ገና ወደ ላይ ስላልደረሰ ብረት ብረትን ይበላል። ጥቂት ጊዜ ቀስ ብሎ ይዙር፤ ከዚያም ሳይቸኵሉ መንዳት ይበቃል።

ማጠቃለያ

ልጆች ሆይ፥ ከእናንተ አንዳንዱ ነጂ፥ አንዳንዱ መካኒክ፥ አንዳንዱም በሰው መኪና የሚጓዝ ገበሬ ወይም ነጋዴ ይኾናል። ሞተር መፍታት ለኹሉ አይሰጥም፤ መስማትና መቍጠር ግን ለኹሉ ይቻላል። ሲሞቅ የሚጠፋውን ድምፅ መርምሩት፥ ጻፉት፥ በጊዜውም አሠሩት፤ አያስደንግጣችሁ። ሲሞቅ የሚብሰውን ግን «የወትሮው ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ጭነቱን አውርዱ።

ጥያቄዎች

1. በቅሎ ጫኝ የምታነክሰውን በቅሎ መርቶ የሚመለከተው ስለ ምንድር ነው? ይኽ ከሞተር ምርመራ ጋራ በምን ይመሳሰላል?

2. ሞተር በደቂቃ 720 ጊዜ ቢዞር አንድ ቫልቭ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይከፈታል?

3. የሚያፈስ የጢስ መውጫ ሲሞቅ ድምፁ የሚጠፋው ስለ ምን ነው? የቢየላ መያዣስ ሲሞቅ የሚብሰው ስለ ምን ነው?

4. የቫልቭን ክፍተት ከልክ በላይ ማጥበብ ምን ጕዳት ያመጣል?

5. አንድ መኪና ሰኞ በ30 ሰከንድ፥ ማክሰኞ በ50 ሰከንድ፥ ረቡዕ በ2 ደቂቃ ድምፁ ጠፋ። ዘይቱ ሲለካ ከታችኛው ምልክት በታች ኾነ። መዠመሪያ ምን ታደርጋለኽ? ከዚያስ በኋላ ምን ትመዘግባለኽ?

የቤት ሥራ፦ በመንደራችሁ ያለ አንድ ነጂ ወይም የወፍጮ ሞተር ሠራተኛ ጠይቁ። ሞተሩ ጧት ሲነሣ ምን ድምፅ እንደሚያሰማ፥ በስንት ጊዜም እንደሚጠፋ በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ።